የልብ መመለስና የዐዋጅ መለወጥ

ሰው ከአንዱ እምነት ወደ ሌላው ሲያልፍ በአማርኛችን «ሃይማኖቱን ለወጠ» እንላለን፤ ከጥፋት መንገድ ወደ እግዚአብሔር የቀረበውን ደግሞ «ተመለሰ» እንለዋለን። ሁለቱ ቃላት የተቀራረቡ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ልብስ ይለወጣል፥ ስም ይለወጣል፥ ሹመትም ይለወጣል፤ የሚመለስ ግን ሰው ራሱ ነው፥ የሚመለስበትም ቤት አለው። ቅዱሳት መጻሕፍት በይበልጥ የሚናገሩት ስለ ሁለተኛው ነው። የዕብራይስጡ ብሉይ ኪዳን ለዚህ ነገር «ሹብ» የሚለውን ቃል ይዞአል፤ ትርጓሜውም መመለስ፥ ፊትን ማዞር ማለት ነው። የጽርዕ ሐዲስ ኪዳን «ሜታኖያ» ይላል፤ ይኸውም የልቡናና የሐሳብ መለወጥ ነው። ግእዛችንም «ተመይጠ» እና «ነስሐ» በሚሉት ግሦች ይህንኑ ምሥጢር ጠብቆልናል።

ይህን መለየት ለቋንቋ ዐዋቂዎች ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። ነገሥታት የሕዝብን ሃይማኖት በዐዋጅ ሊለውጡ በተነሡበት ዘመን ብዙ ደም ፈስሷል፥ ብዙ ቤትም ፈርሷል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሞጣ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ አዴትን ያገኛል። ከአዴትም ብዙ ሳይርቅ፥ ከቀድሞው ይልማና ዴንሳ ወረዳ ተከፍሎ የተቋቋመው ወረዳ ጎንጂ ቆለላ ይባላል። በዚህ በአንድ የወረዳ ስም ውስጥ ሁለት የታሪክ ስሞች ተጣምረዋል። ጎንጅ የቅኔ ቤት ስም ነው፤ ከዋድላና ከዋሸራ ጋር ከታወቁት የቅኔ መንገዶች አንዱ በእርሱ ይጠራል። ቆለላ ደግሞ በ17ኛው መቶ ዓመት ኢየሱሳውያን የተባሉት የሮማ ካህናት በጎጃም ካቋቋሟቸው መቀመጫዎች የአንዱ ስም ነው። በዚያ ዘመን የተደረገውን ነገር መጽሐፍ ቅዱስ ከሚያስተምረው ጋር አስተያይተን፥ ሰውን ወደ እምነት የሚያመጣው ቃል ነው ወይስ ኃይል የሚለውን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር አስበናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መጽሐፍ ቅዱስ የሚያሳየን መንገድ

ከአሕዛብ ወገን ወደ እስራኤል አምላክ ከመጡት መካከል ሞዓባዊቱን ሩትን እናስቀድም። ኑኃሚን ባሏንና ሁለት ልጆቿን በሞዓብ ቀብራ ወደ ቤተ ልሔም ስትመለስ፥ ምራቶቿን ወደ እናቶቻቸው ቤት እንዲሄዱ መከረቻቸው እንጂ ተከተሉኝ ብላ አላስገደደቻቸውም። ዖርፋ አልቅሳ ተሰናበተች፤ መጽሐፍም አንድ የእርግማን ቃል አልጻፈባትም። ሩት ግን የአማቷን ሕዝብ ሕዝቧ፥ የአማቷን አምላክ አምላኳ አድርጋ አብራት ሄደች (ሩት ምዕ. 1)። ከሩት ዘር ዳዊት፥ ከዳዊትም ዘር ጌታችን በሥጋ ተወለደ። ሩትን ያመጣት ክርክር ወይም ማስፈራራት ሳይሆን በኑኃሚን ላይ ያየችው ነገር ነው።

ጌታችን ራሱ በቅፍርናሆም ስለ ሕይወት እንጀራ ባስተማረ ጊዜ ብዙዎች ትምህርቱ ከብዷቸው ወደ ኋላ ተመለሱ። እርሱ ግን ሊከለክላቸው በር አልዘጋም፤ ይልቁንም አሥራ ሁለቱን እነርሱም መሄድ ይወዱ እንደ ሆነ ጠየቃቸው (ዮሐ. 6፥67)። ሁሉን ማድረግ የሚቻለው አምላክ ሰውን በግድ ማስቀመጥ ካልፈቀደ፥ ይህን ሥልጣን ለሌላ ማን ሰጠው? ፈሪሳውያንንም አንድን ሰው ወደ ወገናቸው ለማስገባት ባሕርና የብስ እየዞሩ፥ ካገኙት በኋላ ግን ከራሳቸው ይልቅ የባሰ እንደሚያደርጉት በመናገር ገሠጻቸው (ማቴ. 23፥15)። ስለዚህ ቍጥር መጨመር ብቻውን የእግዚአብሔር ሥራ ምልክት አይደለም።

ለእኛ ለኢትዮጵያውያን ከሁሉ የሚቀርበን የጃንደረባው ታሪክ ነው (የሐዋ. ሥራ 8፥26—40)። ነገሩን በተራ እንመልከተው። ጃንደረባው ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም መውጣቱ አስቀድሞ እግዚአብሔርን ይፈልግ እንደ ነበር ያስረዳል። በሠረገላው ላይ የኢሳይያስን መጽሐፍ ማንበቡም መርማሪ እንደ ነበር ያሳያል። ፊልጶስ በቀረበው ጊዜ ትእዛዝ አልሰጠውም፤ የሚያነበው ይገባው እንደ ሆነ ጠየቀው። ጃንደረባውም የሚመራው ሰው እንደሚያሻው ሳያፍር ተናገረ፥ መምህሩንም ወደ ሠረገላው እንዲወጣ ለመነው። ወደ ውኃ በደረሱ ጊዜ ጥምቀትን የጠየቀው ፊልጶስ ሳይሆን ጃንደረባው ነው። ከተጠመቀ በኋላ መምህሩ ከዓይኑ ቢሰወርም ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። መምህሩ ሲሄድ እምነቱ አብሮት አልሄደም፤ ሥር የሰደደው በራሱ ልብ ውስጥ ነበርና።

በዚህ ላይ አንድ ሰው፥ «ቅዱስ ጳውሎስ በደማስቆ መንገድ በኃይል ተመትቶ ወድቆ የለምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩን እስከ ፍጻሜው ማንበብ ያስፈልጋል (የሐዋ. ሥራ ምዕ. 9)። ብርሃኑ ሳውልን አስቆመው እንጂ ክርስቲያን አድርጎ አላስነሣውም። ሦስት ቀን ሳያይ፥ ሳይበላና ሳይጠጣ በጸሎት ቈየ። ሐናንያ መጥቶ እጁን ሲጭንበት ወንድሜ ብሎ ጠራው፥ ከዚያም ተጠመቀ። በኋላም ወደ ዓረብ አገር ሄዶ እንደ ነበረ፥ ወደ ኢየሩሳሌምም የወጣው ከሦስት ዓመት በኋላ እንደ ሆነ ራሱ ለገላትያ ሰዎች ጽፏል። ከዚህም በላይ ልብ የምንለው ነገር አለ። ሳውል በደማስቆ መንገድ ሳለ በእጁ የያዘው ሰውን አስሮ ለማምጣት የተሰጠው ደብዳቤ ነበረ። በዚያ መንገድ የተወው አንዱ ነገር ይኸው በማሰርና በማስገደድ ሃይማኖትን ማስጠበቅ የሚባለው ሐሳብ ነው። ከዚያች ቀን ወዲያ ታሰረ እንጂ አላሰረም፥ ተገረፈ እንጂ አልገረፈም።

ወንጌል በአገራችን የተተከለበት መንገድ

በአገራችን ወንጌል በቤተ መንግሥት ተጀምሮ ወደ ሕዝብ እንደ ወረደ የታወቀ ነው። ይህን አይተው አንዳንዶች እምነት በንጉሥ ትእዛዝ ተተከለ ይሉ ይሆናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሩፊኖስ እንደሚተርከው፥ ፍሬምናጦስ ከጢሮስ ወገን የሆነ ወጣት ሳለ በባሕር ጉዞ ላይ በደረሰ አደጋ ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ገባ፤ በዚያም በታማኝነት አገለገለ። ሥልጣን በእጁ በሆነ ጊዜ የአገሩን ሰው በሰይፍ አላጠመቀም፤ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያገኙ አደረገ። በኋላም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ጳጳስ እንዲሾም ለመነ፤ ቅዱስ አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ ላከው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱ ነው።

የንጉሥ ዔዛና መመለስም ቀስ በቀስ የሆነ መሆኑን ድንጋዮችና ገንዘቦች ይመሰክራሉ። በቀደሙት ጽሕፈቶቻቸው ማሕረም የተባለውን አምላክ ይጠሩ ነበር፤ በኋላኞቹ የሰማይን ጌታ፥ በጽርዕ በተጻፈው ደግሞ ሥላሴን ጠሩ። በገንዘባቸው ላይ የነበረው የጨረቃና የክብ ምልክት ቀርቶ መስቀል ተተካ። ይህ የሆነው በ4ኛው መቶ ዓመት ነው። ይሁን እንጂ ንጉሡ ስላመኑ ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቀን ክርስቲያን አልሆነም። ዘጠኙ ቅዱሳን በ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ6ኛው መጀመሪያ መጥተው ገዳማትን እየመሠረቱ ማስተማር ነበረባቸው። በንጉሡ ጥምቀትና በእነዚህ አባቶች ትምህርት መካከል ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። እግዚአብሔር የማይቸኩልበትን ሥራ ሰው ቢቸኩልበት አያምርለትም።

በጎጃም ምድር የተደረገው

አሁን ወደ ጎጃም እንመለስ። ከኢየሱሳውያን ጋር የተደረገው ክርክር መጀመሪያ በብዕር ነበረ። ዓፄ ገላውዴዎስ በ1555 የሃይማኖት መግለጫ ጽፈው፥ ቀዳሚት ሰንበትን ማክበር፥ መገዘርና ከእሪያ ሥጋ መከልከል የአይሁድን ሕግ መከተል እንዳልሆነ አስረዱ። ማንንም ሳይሰድቡ እምነታቸውን በግልጽ ማስረዳታቸው እስከ ዛሬ ምሳሌ ይሆነናል።

በ1603 አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባሉት የእስፓንያ ተወላጅ ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። እኒህ ሰው ግእዝና አማርኛ ተማሩ፥ ሕፃናትን አስተማሩ፥ በቤተ መንግሥት ከሊቃውንት ጋር በትዕግሥት ተከራከሩ። በሚያዝያ ወር 1618 ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር ሳሉ በሰከላ የሚገኘውን የግሽ ዓባይን ምንጭ አይተው ጽፈዋል። የጎጃም ገዢ የነበሩት የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ ከንጉሡ አስቀድመው የሮማን እምነት ተቀበሉ፤ ለካህናቱም በግዛታቸው ቦታና ድጋፍ ሰጡ። የቆለላ መቀመጫ በዚህ ሁኔታ የተቋቋመ ነው። በእነብሴ የሚገኘው፥ ንግሥት እሌኒ አስቀድመው ያሠሩት መርጡለ ማርያምም በዚያው ዘመን በካህናቱ እጅ እንደ ገና ተሠርቶ ነበር።

ንጉሡ ወደዚህ ያዘነበሉበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ከክርክሩ የተነሣ ልባቸው የተሳበ መሆኑን መካድ አይገባም። ከዚህ ጋር ግን ከፖርቱጋልና ከእስፓንያ መንግሥት የጦር ርዳታ ለማግኘት ያላቸው ተስፋ ተቀላቅሎ ነበር። የእምነት ፍለጋና የጦር መሣሪያ ፍለጋ በአንድ ልብ ውስጥ ሲቀላቀሉ የትኛው እንደሚመራ መለየት ያስቸግራል። ችግሩ የጀመረው የንጉሡ የግል ሐሳብ የሕዝብ ሕግ ይሁን በተባለ ጊዜ ነው። በ1617 አቡነ ስምዖን ከንጉሡ አማች ከዮልዮስ ጋር ሆነው የተዋሕዶን እምነት ለመጠበቅ ተነሥተው በጦርነት ላይ ሞቱ። ቀዳሚት ሰንበት እንዳይከበር በታዘዘ ጊዜም ቡሬና ፍኖተ ሰላም በሚገኙበት ወገን፥ በቀድሞው ዳሞት፥ ሕዝቡና መነኮሳቱ ተነሡ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስም በጦር ወጉአቸው፥ ብዙ ሰውም ሞተ። ገበሬ በቅዳሜ ቀን ሞፈርና ቀንበሩን እንዲያነሣ በጦር ሲታዘዝ ነገሩ ሃይማኖት መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆናል።

ዓፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮማን እምነት በይፋ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት አባ ፓኤዝ አረፉ። በ1625 በእርሳቸው እግር ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ገቡ፤ በየካቲት 1626 በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ ፓፓ ታዛዥ ለመሆን ማሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትእዛዝ ከባድ ነበረ። የተጠመቀው ሕዝብ እንደ ገና ይጠመቅ፥ ካህናቱ እንደ ገና ይሾሙ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፥ ጾምና በዓል በሮማ ሥርዓት ይሁን ተባለ። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ትእዛዝ ለአንዲት የገጠር እናት ምን ማለት እንደ ነበረ አስብ። ሕፃንሽ ክርስቲያን አልነበረም፥ የሞተው አባትሽም የተቀበለው ቍርባን ቍርባን አልነበረም ማለት ነው። ሰው አዲስ ትምህርት ቢነገረው ይሰማ ይሆናል፤ የአባቱንና የእናቱን እምነት ከንቱ ነበረ ሲባል ግን ልቡ ይዘጋል።

በዚህ ጊዜ ከጸኑት መካከል እናታችን ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ይገኛሉ። በ1592 ከታላላቆች ቤት ተወልደው፥ ለንጉሡ የጦር አለቃ ተድረው የነበሩ ሲሆን፥ ትዳርና ሀብት ትተው መነኑ። በንጉሡ ፊት ቀርበው ተጠየቁ፥ በግዞትም ተቀመጡ፤ ግን እምነታቸውን አልለወጡም። በጣና ዙሪያ ወንዶችና ሴቶች መነኮሳትን ሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ። በ1642 ዐረፉ፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ገድላቸው ተጻፈ። እርሳቸው ሰይፍ አልነበራቸውም፤ ያቋቋሙት ማኅበር ግን ሰይፍ ከነበራቸው ሰዎች ሥራ ይልቅ ጸና።

የመጨረሻው ነገር በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሆነ። የላስታ ሰዎች በመልክዐ ክርስቶስ መሪነት ተነሥተው በወይና ደጋ ላይ ከንጉሡ ጦር ጋር ተዋጉ። ድሉ የንጉሡ ሆነ፤ በሜዳውም ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደ ወደቀ የታሪክ ጸሐፊዎች ተናግረዋል። በማግሥቱ ግን የደስታ ከበሮ የሚመታ አልተገኘም። መኳንንቱ ለንጉሡ ሬሳዎቹን እያሳዩ፥ እነዚህ ባዕድ ጠላቶች ሳይሆኑ የገዛ ሕዝባቸውና ወንድሞቻቸው እንደ ሆኑ ነገሩአቸው። ዓፄ ሱስንዮስም ሕዝቡ ወደ አባቶቹ እምነት እንዲመለስ ዐወጁ፥ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ተዉ፤ ጥቂት ወራትም ሳይቈዩ ሞቱ።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጥ ነው። አባ ፓኤዝ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያህል በቋንቋው፥ በትምህርትና በትዕግሥት ሠርተው ጥቂት ሰዎችን አሳመኑ። ከትምህርታቸው ጋር ባንስማማም መንገዳቸው የመምህር መንገድ ነበረ። ከእርሳቸው በኋላ ዐዋጅና ሰይፍ ሲጨመርበት በአሥር ዓመት ያህል ጊዜ ሁሉ ፈረሰ። ሰይፉ በተነሣ ማግሥት ሕዝቡ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ መጀመሪያም ልቡ ከቤቱ አልወጣም ነበርና።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም

እውነትን የሚወድ ሰው ሚዛኑን ለራሱም ለሌላውም አንድ ያደርጋል። ዓፄ ፋሲል ኢየሱሳውያንን በመጀመሪያ ወደ ፍሬሞና አዛወሩ፥ ቀጥሎም ከአገር አስወጡ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የተቀበሉትን እምነት አልተውም በማለታቸው ተጋዙ። በ1638 ሁለት የሮማ ካህናት፥ አጋታንጌሎስና ካስያን የተባሉት፥ በጎንደር ተገደሉ። ራስ ሥዕለ ክርስቶስ በዳሞት ሰዎች ላይ ያደረጉት ጥፋት ነው፤ ነገር ግን ሹመትና ክብር በሚያስቀር ጊዜ እንኳ ያመኑበትን አለመተዋቸው ልባቸው በእውነት የተለወጠ እንደ ነበረ ያስረዳል። ልቡ የተለወጠውን ሰው ግዞት እንዳልመለሰው ሁሉ፥ ልቡ ያልተለወጠውንም ሕዝብ ዐዋጅ አልለወጠውም። ሁለቱም የሚያስረዱት አንድ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላም ትምህርቱን ዘንግተናል። በ1878 በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ክርክርን ከዘጉ በኋላ፥ የወሎ እስላሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ። ከመኳንንቱ እንደ ኢማም መሐመድ ዓሊ ያሉት ተጠምቀው ራስ ሚካኤል ተባሉ፤ ከሕዝቡ ግን ብዙው ተሰደደ፥ ሸህ ጠልሃን የመሰሉም ተነሥተው ተዋጉ፥ ሌላውም በቀን ክርስቲያን በሌሊት እስላም ሆኖ ኖረ። በሌላውም ዓለም ቢሆን እንዲሁ ነው። የፍራንኮች ንጉሥ ሻርለማኝ የሳክሶንን ሕዝብ በሰይፍ ሲያስጠምቅ፥ ከራሱ ሊቃውንት አንዱ የሆነው አልኩዊን በ796 ገደማ በጻፋቸው ደብዳቤዎች፥ እምነት የፈቃድ ነገር መሆኑን፥ ሰውም ወደ ጥምቀት ሊገፋ ቢቻል ወደ እምነት ሊገፋ እንደማይቻል አስረድቶአል። ይህ ቃል በአልኩዊን ዘመን ብቻ ሳይሆን በቆለላም፥ በቦሩ ሜዳም ሊሰማ የሚገባው ነበረ።

የቤተ ክርስቲያን የተከፈተ በር

ከእምነቱ ወጥቶ ለሚመለስ ሰው አባቶቻችን ምን አደረጉ? በ250 የሮማ ቄሣር ዳክዮስ ሰው ሁሉ ለጣዖት እንዲሠዋ ባዘዘ ጊዜ ብዙ ክርስቲያኖች ፈርተው ሠዉ። ስደቱ ሲበርድ እያለቀሱ መጡ። ኖቫጥያኖስና ተከታዮቹ አንቀበላቸውም አሉ። የቅርጣግናው ቅዱስ ቆጵርያኖስ ግን በንስሐና በጊዜ ይመለሱ አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ተቀበለች። ያለ ንስሐ መቀበል የሰማዕታትን ደም ማቃለል ነው፤ ፈጽሞ አለመቀበልም ጴጥሮስን ከካደ በኋላ የተቀበለውን ጌታ መቃወም ነው።

ይኸው ነገር በእኛም አገር ደረሰ። ከሽንብራ ኵሬ ጦርነት ከ1529 ጀምሮ እስከ 1543 በአሕመድ ግራኝ ዘመን ከክርስቲያኑ ብዙው በፍርሃትና በግድ ሃይማኖቱን ተወ። ሰላም ሲመለስ ለእነዚህ ሰዎች መግቢያ በር ያስፈልግ ነበር። በቤተ ክርስቲያናችን መጽሐፈ ቄደር የሚባለው መጽሐፍ የያዘው ይህን ሥርዓት ነው፤ ከእምነቱ ወጥቶ የነበረው ሰው በጸሎትና በውኃ መንጻት ተደርጎለት ወደ ማኅበሩ ይመለሳል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ታላቅ ጥበብ አለ፤ የሆነውን አልሆነም አይልም፥ የሆነውንም ለዘላለም ቂም አድርጎ አይዝም።

በዚያው የመከራ ዘመን ልናስታውሰው የሚገባ ሌላ ሰው አለ። አባ ዕንባቆም ከየመን ከእስላም ወገን የመጡ ነበሩ። ብዙ ጠይቀውና መርምረው አምነው ተጠመቁ፥ መንኵሰውም በደብረ ሊባኖስ እጨጌ ለመሆን በቁ። ግራኝ ገዳማትን ሲያቃጥል እርሳቸው «አንቀጸ አሚን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈው እምነታቸውን ከቍርአን ጭምር እየጠቀሱ አስረዱት። እሳት ለያዘው ሰው በብዕር መለሱለት። ከውጭ የመጣን ሰው እስከ እጨጌነት ማክበር የቻለች ቤተ ክርስቲያን የሰውን ትውልድ ሳይሆን የልብ መመለስን እንደምትመለከት በተግባር አሳይታለች።

ለእኛ የሚገባን

ዛሬ ማንም ንጉሥ ሃይማኖት ለውጡ ብሎ አያውጅም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የእምነትን ነጻነት አውጆአል፥ ማስገደድንም ከልክሏል። ይሁን እንጂ ማስገደድ በቤተ መንግሥት ቢቀር በቤታችን ሊቀር ግድ አይደለም። ከአዴት፥ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም ገጠር ወደ ከተማ ለትምህርት ወይም ለሥራ የሄደ ልጅ ሌላ እምነት ይዞ ቢመለስ ምን እናደርጋለን? አንዳንዱ አባት ከቤት ያስወጣዋል፥ ጎረቤቱ ቡና አይጠራውም፥ በኀዘኑም ቀን የሚደርስለት ይጠፋል። ይህን የምናደርገው ለሃይማኖት ቀንተን እንደ ሆነ ይመስለናል። ነገር ግን የዳሞት ገበሬ ሰይፍ ቢመጣበት ልቡ እንደ ዘጋ፥ ይህም ልጅ ፊታችን ሲጠቍርበት ልቡን ይዘጋል። ልጁን ካባረርነው በኋላ መመለሻ መንገዱን ማን ያሳየዋል?

ስለዚህ አራት ነገር ልናሳስብ እንወዳለን። አንደኛ፥ ልጁ ከመሄዱ በፊት ጥያቄውን እንስማ። ሕፃን ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ቍርባን ሲጠይቅ «ዝም በል፥ አባቶቻችን እንዲህ ይዘውታል» ማለት መልስ አይደለም። ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን ሁሉ በትሕትና መልስ ለመስጠት የተዘጋጀን እንድንሆን አዝዞአል (1ኛ ጴጥ. 3፥15)። ጎጃም የሊቃውንት አገር ነው፤ የጎንጅና የዋሸራ ጉባኤ የብዙ ሊቃውንት መፍለቂያ ነው። የመጻሕፍት አንድምታ ትርጓሜያችንም የተነገረው ገበሬው በሚናገረው በአማርኛ ነው። ታዲያ በጉባኤ ቤት የሞላው እህል በጎተራ ተዘግቶ ሕዝቡ ቢራብ ጥፋቱ የማን ነው? ፊልጶስ ወደ ሠረገላው እንደ ቀረበ መምህሩም ወደ ጠያቂው ይቅረብ።

ሁለተኛ፥ ወደ እኛ የሚመጣውን አናቻኵለው። ለጋብቻ ሲል፥ ለሥራ ሲል ወይም ለዘመድ ሲል ብቻ የሚጠመቅ ሰው ንጉሡን ለማስደሰት ከማለው መኰንን አይሻልም። ይማር፥ ይጠይቅ፥ ጃንደረባውም እንዳደረገ ጥምቀቱን ራሱ ይለምን።

ሦስተኛ፥ የሄደውን አንርገመው። ኑኃሚን ዖርፋን ስማ አሰናበተቻት። የእምነቱ ስሕተት የመሰለንን ስሕተት ነው ማለት ይገባል፤ ሰላምታን መንፈግ፥ ከዕድር ማስወጣትና ሬሳን ማንገላታት ግን ወንጌል አይደለም። ሲመለስም የነፍስ አባቱ በስውር ይቀበለው፥ ቀኖናውን ይስጠው፥ ጎረቤትም ያለፈውን እያነሣ አያሳፍረው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የጠፋው ልጅ አባት ልጁን ገና በሩቅ ሳለ አይቶ ሮጠ እንጂ በደጅ አቁሞ አልመረመረውም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን እኛን ራሳችንን ይመለከታል። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሌላው መመለስ ብዙ ተናግረናል። እኛ በአርባና በሰማንያ ቀናችን የተጠመቅነው ግን ተመልሰናልን? ያን ጊዜ ስለ እኛ የመለሱልን ክርስትና አባቶቻችንና እናቶቻችን ናቸው፤ ካደግን በኋላ በራሳችን አፍ መመለስ ይጠበቅብናል። ጾሙን ጠብቆ ሐሰት የሚመሰክር፥ ማተብ አስሮ የወንድሙን ድንበር የሚገፋ፥ የጽዋ ማኅበር አባል ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር ለዓመታት የተኳረፈ ሰው ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ነገር ግን ገና አልተመለሰም። ሩት የኑኃሚንን አምላክ ያወቀችው በኑኃሚን ሕይወት ነው። ልጆቻችንና ጎረቤቶቻችንም የእኛን አምላክ የሚያውቁት በእኛ ሕይወት ነው።

የቆለላ ታሪክ የተጻፈው በሌሎች ላይ እንድንፈርድበት ብቻ አይደለም። ንጉሥ ከነሠራዊቱ ሊለውጠው ያልቻለውን ልብ አንድ መምህር በትዕግሥት፥ አንዲት አማት በፍቅር፥ አንድ አባትም በይቅርታ ሊመልሱት እንደሚችሉ እንድናስተውልበት ነው። እንግዲህ በሩን ከፍተን፥ ትምህርቱን አዘጋጅተን፥ አስቀድመን ራሳችን እንመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።